ያልተኛ እግር

«የእናንተ የደጋ ሰው የሚጨፍረው በትከሻው ነው» አለ መምህሩ። «ከወገቡ በላይ ንቁ ነው። እግሩ ግን ተኝቷል።»

ተናጋሪው ከወዳጅ አገር የተላከ የውዝዋዜ መምህር ነበር፤ አድማጮቹ በአዲስ አበባ ኮሌጅ ቴአትርና ውዝዋዜ የምናጠና ተማሪዎች፤ ዘመኑም አሮጌ የተባለው ሁሉ ከሥሩ ይነቀል የሚባልበት የደርግ ዘመን። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ከክፋት የሚብስ ነገር ነበረበት፤ እርግጠኛ ነበር። በባዶ እግራችን አሰልፎ የራሱን አገር የእግር ሥራ ያስተምረን ጀመር፤ ተረከዝ፣ ጣት፣ ዝላይ፣ እንደገና ተረከዝ። የእኛ እግር እስኪነቃ ድረስ የእርሱን እንድንዋስ ነበር ሐሳቡ።

ክፍሉ ሳቀ። ከጎኔ የቆመ ልጅ «እውነቱን ነው፤ የእኔማ እግር ከተወለድኩ ጀምሮ እንዳንቀላፋ ነው» አለና የባሰ አሳቃቸው። እኔ አልሳቅሁም። ያልሳቅሁት አገሬ ስለ ተነካች አይደለም፤ በዚያ ዕድሜዬም ቢሆን እንዲህ ላለው ስሜት ትዕግሥት አልነበረኝም። ያልሳቅሁት የተነገረው ነገር ሐሰት መሆኑን ስለማውቅ ነው፤ የማውቀውም በወሬ ሳይሆን በእግሬ ነበር።

የተወለድሁት ደብረ ታቦር፣ ከአንድ የአቋቋም መምህር ቤት ነው። አቋቋም የቤተ ክርስቲያን ዜማ በጉሮሮ ብቻ ሳይቀር በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእግር የሚቆምበት ሥርዓት ነው። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ ቀጥ ብሎ መቆም አለ። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ከፍ ዝቅ ይላል፣ አካልም ነፋስ እንዳገኘው የገብስ ማሳ ከእርሱ ጋር ያዘነብላል። ከዚያ መረግድ ነው፤ ከበሮው ይገባል፣ እግር መሬቱን እየመዘነ ይረግጣል። በመጨረሻ ጽፋት፤ እጅ ይጨበጨባል፣ ሁሉም ይፈጥናል። ይህን አሳምሮ ለመያዝ ሰው ወጣትነቱን ይጨርሳል። አባቴ ጨርሰውበታል። ተማሪዎቻቸው ከይፋግም፣ ከገሳይም፣ ከዚያ ወዲያ ካለ አገርም እየመጡ በጓሯችን ጎጆ ይቀልሱ ነበር፤ ቀን ቁራሽ ይለምናሉ፣ ማለዳና ማምሻ ይቆማሉ። «የኔታ» ይሏቸዋል አባቴን።

ትምህርቱ የወንድ ነው። ሴት በቅኔ ማኅሌት አትቆምም። እኔን ማንም ከልክሎኝ አያውቅም፤ መከልከል ያስፈልጋታል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረምና። ከግድግዳው ወዲያ ወንዶቹ ሲቆሙ፣ ከግድግዳው ወዲህ እኔ ከእናቴ ጋር ተቀምጬ ጥጥ እፈትል ነበር። እጄ እንዝርቱ ላይ ነው፤ እጅ ይታያል። እግሬ ቀሚሴ ሥር ነው፤ እግር አይታይም። እናቴ ገበያ ስትወጣ ተነሥቼ ጭቃው በተሰነጠቀበት በኩል አያለሁ፤ ያየሁትንም ብቻዬን እደግማለሁ። የሳተ ተማሪ ቅልጥሙን በመቋሚያ ይመታል። እኔን የሚመታኝ አልነበረምና ላለመሳት ሌላ ምክንያት መፈለግ ነበረብኝ። ቁጭት በቂ ሆኖ አገኘሁት።

በኮሌጁ ደንብ የመጨረሻው ዓመት ተማሪ ክረምቱን ወደ ትውልድ አገሩ ይሄዳል፤ ከአካባቢው የኪነት ቡድን ጋር አንድ ሥራ ያዘጋጃል፤ መምህሩ መጥቶ ያየዋል። ሥራው መድረክ ካልወጣ ዲፕሎማ የለም። መድረክ እንዲወጣ ደግሞ የአውራጃው ካድሬ መፍቀድ አለበት። ለሌሎቹ ይህ ቀላል ነበር፤ ኪነቱ የሚያውቀውን ወስደው ጥቂት ያሳምሩታል። እኔ ግን መምህሩ ደብረ ታቦር ሲመጣ የሚያየውን ነገር ገና በዚያ ሳቅ መሐል ወስኜ ነበር። የአቋቋሙን ዜማ አይደለም፤ ቃሉንም አይደለም፤ እነርሱ የእኔ አልነበሩም፣ አልተመኘኋቸውምም። እግሩን ብቻ። እግሩን ግን ማንም ሳይሰጠኝ ይዤዋለሁ፤ ያልተሰጠኝን ነገር ደግሞ መልሽ ሊለኝ የሚችል የለም።

ካድሬው የባህል ጉዳይ የሚመለከተው ወጣት ነበር፤ ቀይ፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ከገሳይ ወዲያ ካለ ገጠር እንደ መጣ ይወራል፤ ስለ ልጅነቱ ሲናገር የሰማው ግን አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ የኪነት ቡድኑን አሳየኝ። ገበሬው ዶማ፣ ሠራተኛው መዶሻ፣ ወታደሩ ጠመንጃ ይዘው ይገባሉ፤ በመሐል አንዲት ልጅ ትከሻዋን ትነቀንቃለች፤ ሁሉም ጡጫቸውን ያነሣሉ፤ መጋረጃ ይዘጋል።

«እንዴት ነው፣ ጓድ ተማሪ?»

«ከያዘው ልጅ ይልቅ ዶማው ይጨፍራል» አልሁት።

የኪነቱ ልጆች ሊስቁ ሲሉ ካድሬው ገላመጣቸው። የራሴን እንዳሳየው ጠየቀኝ። ጫማዬን አውልቄ ከዝማሜው ጀምሬ ወደ መረግዱ ገባሁ። ወንበሩ ላይ ተንጋሎ የነበረው ሰው ቀስ በቀስ ወገቡን አቃና።

«ቆይ፣ ቆይ። ይህ የቤተ ክህነት ነገር አይደለም እንዴ?»

«የቤተ ክህነትን እግር ያውቁታል፣ ጓድ?»

«እኔ? እኔ ከየት አውቄ!»

«እኔም ሴት ነኝ። እኔስ ከየት አውቄ?»

ቤተ ክርስቲያኒቱ ሴት አታውቀውም ትላለች፤ እርሱ እኔ አላውቀውም ይላል፤ በሁለቱ ክህደት መሐል አንድ ሰው የሚያልፍበት ቀዳዳ ነበር።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ገበሬው ነው። ከተኛበት ሲነሣ።»

«ስሙስ?»

«ስሙን እርስዎ ያውጡለት።»

ፊቱ ፈካ። «የገበሬው ንቃት» አለ። ሳልከራከር ተቀበልሁ፤ ስም እግር የለውም። እርሱ ግን እንዲሁ አልለቀቀኝም። በጣቱ ጠረጴዛውን እየነካ «ከበሮ አይኖርም» አለ። «ጸናጽል ቢጤም አይኖርም። መቋሚያም… ዘንግ ማለቴ ነው፤ ዘንግም አይኖርም። ኦርጋኑን ከፈለግሽ ይጫወቱልሻል።»

«በባዶ እጅና በዝምታ እሠራዋለሁ።»

«ሕዝቡ ይስቅብሻል።»

«ይሳቅ። ለመሳቅ እንኳ ፈቃድ አያስፈልገውም።»

ወደ ቤት ሳዘግም ነገሩ ተገለጠልኝ። ስለ መሣሪያ አንድ ቃል አልተነፈስሁም ነበር። የማያውቀውን ነገር እንዲህ አንድ በአንድ ለቅሞ የሚከለክል ሰው የለም።

ደብረ ታቦር ወሬ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት የሚገባባት ከተማ ናት። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ቆዩኝ።

«አዝማሪ ልትሆኚ ነው አሉ።»

«አባባ፣ የማሳየው እግሩን ብቻ ነው። ቃሉን አልነካም።»

«ማኅሌት እንደ በግ ይበለታል እንዴ? እግሩ ለአንቺ፣ ቆዳው ለካድሬው?» መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ አቆሙ። «የቤተ ክርስቲያንን መሬት ወሰዱባት። ተማሪው እየሸሸ ነው፤ ጎጆዎቹን አላየሻቸውም? አሁን ደግሞ አንቺ እግሯን ልትወስጂባት!»

«ተማሪው ከሸሸ ማን ሊይዝልዎት ነው? እኔ ይዤዋለሁ።»

«አንቺ? አንቺ ምን ይዘሻል? የጭፈራ ዲፕሎማ?»

«እርስዎ ሲያሸበሽቡ ማኅሌት፣ እኔ ሳሸበሽብ አዝማሪነት የሚሆነው በምን ሕግ ነው?»

«እኔ በፈጣሪ ፊት ነዋ የምቆም!»

«እኔስ በማን ፊት እንደምቆም መቼ ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አላነጋገሩኝም፤ አንድ ነገር ሲፈልጉ እዚያው ፊቴ ለእናቴ «ለልጅሽ ንገሪያት» ይላሉ። እናቴም ትነግረኛለች። ጓዳ ስገባ ደግሞ «እንዲህ ያለ መልስ ያስተምራሉ እዚያ?» ትለኛለች። የሚያስተምሩት ተረከዝና ጣት ብቻ መሆኑን ብነግራትም አላመነችም።

ቤት ተከለከለ፣ አዳራሹን ዶማና መዶሻ ይዞታል፤ ስለዚህ ለልምምድ ጋፋት እወርድ ጀመር። በአንድ ዘመን የንጉሥ መድፍ የተሠራበት መሬት ዛሬ የተረፈለት ሣርና የእግር መንገድ ነው። ሣሩ ከዝናቡ የተነሣ ያንሸራትታል፤ በሚያንሸራትት መሬት ላይ መረግድን የሚችል ሰው በሳንቃ መድረክ ላይ አይቸገርም ብዬ ነበር። አንድ ቀን ከማሳ ዳር ጤፍ የሚያርሙ ሁለት ሴቶች ቀና ብለው ሲያዩኝ ቆዩ።

«አንች ልጅ! ምን ነክቶሽ ነው?» አለች አንደኛዋ። «ዛር ነው?»

«አይደለም እናቴ፤ ትምህርት ነው።»

«ኧረ ይኸስ ከዛርም ይብስ! ዛር እንኳ ሲመጣ ከበሮ ይለምናል።»

ሁለተኛዋ አረሟን ጥላ ጠጋ አለች። «ተያት እባክሽ፤ የየኔታ ልጅ ናት። እስቲ እግሯን እይ፤ አባቷ ለጥምቀት ሲወርዱ ቁርጥ እንዲህ አይደሉም?»

«የምን አባቷን! ሴት አይደለችም?»

«ሴት ብትሆን እግር የላትም? ግን ልጄ፣ ቀሚስሽ ጭቃ እየጠረገ አስሬ ይጠልፍሻል። ከፍ አርገሽ ስፊው።»

ምክሩ ስለ ጭቃ ነበር። እኔ ግን ቆሜ ቀሚሴን አየሁ፤ ይህን ሁሉ ዓመት እግሬን የሸሸገልኝ ጨርቅ በመድረኩም ላይ ሊሸሽገው ተዘጋጅቶ ነበር። የዚያን ዕለት ቤት ገብቼ ጥለቱን ፈታሁና ጠርዙን ከቁርጭምጭሚት በላይ አጥፌ ሰፋሁት። እናቴ አየችና አማተበች። መርፌውን ግን አልነጠቀችኝም።

ትርኢቱ የዋለበት ቀን ዝናብ ነበር። መምህሩ ከወረታ መገንጠያ ጀምሮ በጭቃ ሲጎተት በቆየ አውቶቡስ ደርሶ ከፊት ተቀምጧል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ቀይ ነበር። ካድሬው አጠገቡ ነው። ቀበሌው ከየቤቱ አንድ ሰው ሳይቀር እንዲመጣ ለፍፏል፤ ካድሬው ደግሞ ከዚህ አልፎ የቆሎ ተማሪዎቹን ከየጎጆው አስወጥቶ፣ ይንቁ ዘንድ፣ የኋላውን አግዳሚ ወንበር እንዲሞሉ አዘዘ። የአባቴ ተማሪዎች ደበሏቸው ውኃ እያንጠባጠበ በግዴታ ገብተው ተቀመጡ። የከተማይቱን እግር የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ አንድ ጣሪያ ሥር የተሰበሰቡት እንግዲህ በእርሱ ትእዛዝ ነው። አባቴ አልመጡም።

ዶማውና መዶሻው ካለፉ በኋላ የእኔ ተራ ደረሰ። ወጥቼ ቆምሁ። ሥርዓቱ የሚጀምረው በመቆም ነውና ሙሉውን ጊዜ ሰጠሁት። አዳራሹ ዶማ ጠበቀ፤ ዶማ አልመጣም።

«ረስታዋለች!» አለ አንድ ድምፅ።

«ኧረ ቀሚሷ ነው ያጠራት!» አለ ሌላ፤ ሳቅ ተከተለ። እንደ ተፈቀደላቸው ሳቁ። ቆምሁ።

ከዚያ ዝማሜውን ጀመርሁ። በእጄ መቋሚያ አልነበረም፤ እጄ ግን ባዶ መሆኑን አልተቀበለም። ስወርድ ስነሣ ሳቁ ከፊት ወንበሮች እየቀነሰ ሄደ፤ ከኋላ ደግሞ ጭራሹን አልነበረም። ክብደቴን ከተረከዝ ወደ ጣት ሳልቸኩል አሻግሬ፣ ጉልበቴን ሰብሬ ወደ መረግዱ ስገባ፣ ከኋላው አግዳሚ አንዱ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። አወቁት። አንዳቸውም ምንም ማለት አይችሉም፤ አየን ቢሉ ሴት ታውቃለች ማለት ነው፤ አላየንም እንዳይሉ ዓይናቸው ተክሏል። የሳንቃው ወለል ከእግሬ ሥር ደረቅ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ያን ድምፅ ሌላ ሰው እንዲያሳምርልኝ አልፈለግሁም።

መረግዱ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ከፊት ረድፍ ጭብጨባ ተሰማ። ሁለት እጅ ብቻ፤ የአንድ ሰው። ሲያበቃ ሊመጣ የሚገባው ጽፋት ሳያበቃ መጣ። በአገራችን ሥርዓት አንዱ ካነሣ ሌላው አይጠይቅም፤ ይቀበላል። የኋላው አግዳሚ ተቀበለ። ከዚያ በመሐል የተቀመጡት አባወራዎች፣ በልጅነታቸው ጥቂት ወራት እንኳ በአንድ ደብር ደጅ ያደሩት ሁሉ፣ እጃቸው ሳያማክራቸው ተቀበለ። የተከለከልሁት ከበሮ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ካለው እጅ ሁሉ ወጣ። እኔም በእርሱ ላይ ረገጥሁበት፤ ፈጠነ፣ ፈጠንሁ፤ በሚቆምበት ቦታ ሁላችንም አንድ ላይ ቆምን።

ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ካድሬ የራሱን መዳፎች ያይ ነበር። እንደ ሌላ ሰው እጅ።

ከዚያ በኋላ ለሚነሣ ሰው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረው፤ ውዳሴ። ካድሬው መድረክ ላይ ወጥቶ፣ የሰፊው ሕዝብ እጅ ለገበሬው ንቃት የሰጠውን አብዮታዊ ምላሽ አወደሰ። ቀድሞ ያጨበጨበበትን ሥራ ሊያወግዘው አልቻለም፤ ለምን በዚያ ቦታ እንዳጨበጨበ ሊያስረዳም አልቻለም።

መምህሩ ከመጋረጃው ኋላ መጣ።

«ይህን እግር ከየት አገር ወሰድሽው?»

«ከዚሁ።»

«አይሆንም። ይህ ረጅም ትምህርት ያለው እግር ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተኝቷል ብለው ነበር። እንዳልቀሰቅሰው ብዬ ነው።»

አሳለፈኝ። ውጤቱ መካከለኛ ነበር፤ ቴክኒኩ የበሰለ፣ ማኅበራዊ ይዘቱ ደካማ ተባለ። ዲፕሎማዬን ያዝሁ። በኋላ ማዕረግ በማዕረግ ላይ ደርቤ በዚያው ሙያ አስተማሪ ሆንሁ። ያን እግር ዛሬ በየጉባኤው ወንዶች «የባህል ቅርሳችን» እያሉ ያብራሩልኛል። እስኪጨርሱ እሰማቸዋለሁ።

ከትርኢቱ በኋላ በነጋው ማለዳ አባቴ መደቡ ላይ ነበሩ። እናቴን ሳይጠሩ በቀጥታ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰማሁ» አሉ። «መረግዱን ሳትጨርሺ ወደ ጽፋት ገባሽ አሉኝ። ቸኩለሻል።»

ስለ ውርደት ይናገራሉ ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት። ለዚያ መልስ ነበረኝ። ለዚህኛው ግን ከእውነቱ በቀር ሌላ መልስ አላስፈለገኝም።

«አልቸኮልሁም፣ አባባ። ጭብጨባው ነው የቀደመኝ።»

«ማን ነው የቀደመ?»

«ካድሬው።»

«ያ ቀዩ? ጥርሰ ፍንጭቱ? ከገሳይ ወዲያ የመጣው?»

«እርሱ።»

«ኤዲያ! እሱማ ድሮም ይቸኩል ነበር። እዚህ ደጅ ላይ ስንት ጊዜ ቅልጥሙን መትቼዋለሁ፤ አልመለስ ብሎ ሄደ።» መቋሚያቸውን አንሥተው ተነሡ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ።

«አንቺን ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ።»

«እኔ አላስተማርኩሽም።»

«አዎ» አልሁ። «አላስተማሩኝም።»

ወጡ። ከግድግዳው ወዲያ የቀሩት ተማሪዎች ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። እናቴ እንዝርቱን አቀበለችኝ፤ ተቀብዬ መደቡ ላይ አኖርሁትና ሄጄ ደጃፉ ላይ ቆምሁ፣ በዚያው ባጠረው ቀሚስ። ተማሪዎቹ አዩኝ። አባቴም የእነርሱን ዓይን ተከትለው ዞረው አዩኝ።

«በሩን ዝጊው» አሉ።

አልዘጋሁትም።